ሩጫው ሲያበቃ ልጃችን በምን ይቆማል?

ደነባ ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ የአበበ ቢቂላን ታሪክ ደጋግሞ ተናግሯል። አበበ ለእኛ የሩቅ ሰው አይደለም። የተወለደባት ጃቶ በመንዲዳ አቅራቢያ ናት፤ መንዲዳ ደግሞ ለሲያደብርና ዋዩ ሰው ጎረቤት ነች። በጠዋቱ ውርጭ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ልጆችን ያየ ሽማግሌ «አበበም እንዲሁ ነበር የጀመረው» ማለቱ አይቀርም።

ታሪኩን ግን ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ እናቆመዋለን፤ ሮም ላይ። በባዶ እግሩ ሮጠ፣ አሸነፈ፣ ዓለም አጨበጨበለት፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ የኖራቸውን 13 ዓመታት ለልጆቻችን አንነግራቸውም። እኔም ለረጅም ጊዜ ነገሬ አላልኩትም ነበር። ዘንድሮ ግን በቤታችን አንድ ጥያቄ ተነሳና የታሪኩን ሌላውን ግማሽ መፈለግ ግድ ሆነብኝ።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ 10ኛ ክፍል ናት። ትሮጣለች፤ በደንብ ትሮጣለች። በአንድ ውድድር ላይ ጥሩ ውጤት ካመጣች ወዲህ አንድ ሰው ለአባቷ ስልክ ይደውል ጀመር። «አዲስ አበባ ትምጣ። ማደሪያ እኛ እናገኛለን፤ አሰልጣኝም አለ። ትምህርቱ ይደርሳል፤ ሩጫው ግን ይረፍድባታል። ፈረንጆቹ ልጆቻቸውን በአራት ዓመታቸው ነው የሚያስጀምሩት» ይለዋል። ልጄ ልቡ ሸፈተ። ምራቴ እንቅልፍ አጣች። አንድ ቀን ማታ ሁለቱም መጡና «አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

ወዲያው አልመለስኩላቸውም። ቀን ጠየቅኩና የሁለት ሻምፒዮናዎችን ታሪክ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አነበብኩ። አንዱ የጎረቤታችን ልጅ አበበ ነው። ሌላዋ፣ ያ ሰው በስልክ እንዳለው በጨቅላነቷ የጀመረች ፈረንጅ፣ ጀርመናዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ስቴፊ ግራፍ ናት። ሁለቱም በየሙያቸው ጫፍ የደረሱ ናቸው። መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው። ለወላጅና ለአያት የሚጠቅመውም ይኸው ልዩነት መስሎኛል።

ማንም ያላጣደፈው ልጅ

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር እየተካሄደ ነበር። ጃቶ ውስጥ ግን ስለ ኦሊምፒክ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ያስቸግራል። ልጁ እንደ ማንኛውም የአካባቢው ልጅ ከብት ጠበቀ፣ ተማረ፣ ገና ተጫወተ፣ ፈረስ ጋለበ። ወላጆቹ ስለ ሜዳሊያ አላሰቡም። የጣሊያን ወረራ በደረሰበት ዘመን የአንድ እናት ጭንቀት ልጇን በሕይወት ማቆየት ነበር።

በ20 ዓመቱ ገደማ አዲስ አበባ ገባና በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ሥራው ወታደርነት ነው። እንደሚነገረው፣ በ1949 ዓ.ም. ከሜልቦርን ኦሊምፒክ የተመለሱት የኢትዮጵያ ስፖርተኞች በሰልፍ ሲያልፉ አየና እሱም እንደነሱ ለመሆን ተመኘ። ያኔ 24 ዓመቱ ነው። ዛሬ በስልክ የሚደውልልን ሰው ቢያየው «አርፍደሃል» ይለው ነበር። በጦር ኃይሎች ውድድር ላይ በታዋቂው ዋሚ ቢራቱ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣበትም ጊዜ አለ። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ እየሮጠ ሲመላለስ፣ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ደግሞ ያንን ጉልበት ሥርዓት አስያዘለት።

አገባብም ቢሆን በወጉ ነው የተፈጸመው። እናቱ በመረጡለት መሠረት የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን ያገባው ሮም ከመሄዱ ከስድስት ወር ገደማ በፊት ነበር። ወደ ኦሊምፒክ ሲሄድ የ28 ዓመት ጎልማሳ፣ ደሞዝተኛና ባለትዳር ነበር። 

የሮምን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑ ነው። እዚህ አገር ችቦ በሚበራበት ምሽት፣ እዚያ ሮም የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት ጎዳና አንድ የሸዋ ልጅ በባዶ እግሩ ሮጠ። የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው ነበር ማውለቁን የመረጠው። ከአክሱም ተወስዶ በቆመው ሐውልት አካባቢ ፍጥነቱን ጨመረ፤ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በዓለም ከዚያ በፊት ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የሮጠ አልነበረም።

በአራት ዓመቷ ራኬት የያዘችው

አሁን ወደ ጀርመን እንሻገር። ስቴፊ ግራፍ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1969 በማንሃይም ከተማ ነው። አባቷ ፒተር ግራፍ የመኪናና የኢንሹራንስ ሻጭ ነበር፤ ቴኒስ ይወዳል። ልጁ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች ሳሎን ውስጥ ራኬት አስያዛት። በአራት ዓመቷ ሜዳ ገባች፤ በአምስት ዓመቷ ተወዳደረች። በ13 ዓመቷ ቴኒስ እንጀራዋ ሆነ። የእኛ ልጆች በዚያ ዕድሜ 7ኛ ክፍል ናቸው።

ውጤቱ የሚካድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይ ከታላላቆቹ አራት ውድድሮች የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳች። በቀጣዩ ዓመት በ1988 አራቱንም፣ ማለትም የአውስትራሊያን፣ የፈረንሳይን፣ የዊምብልደንንና የአሜሪካን ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት በሴኡል ኦሊምፒክ ወርቅ ጨመረችበት። ገና 19 ዓመቷ ነበር። በጠቅላላው 22 ታላላቅ ዋንጫዎች አነሳች። የዓለም ቁጥር አንድ ሆና የቆየችው ለ377 ሳምንታት ነው፤ ሰባት ዓመት ያልፋል።

ልጄ ይህን ስነግረው ፊቱ በራ። «አዩ አባባ፣ ቶሎ መጀመር እኮ ነው!» አለኝ። ቀሪውንም ስማ አልኩት።

አባትየው አሰልጣኝም፣ ሥራ አስኪያጅም፣ ገንዘብ ያዥም ሆኖ ነበር። ልጅቷ የምታገኘው ገንዘብ በእሱ እጅ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከእርሷ ገቢ ላይ ግብር ሰውሯል ተብሎ ታሠረ። በ1997 የማንሃይም ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር እሥራት ፈረደበት። እስቲ አስቡት፤ ልጅቷ በዓለም አደባባይ ዋንጫ ታነሳለች፤ ማታ ደግሞ በቴሌቪዥን የአባቷን እሥራት ትሰማለች። ጀርባዋና ጉልበቷም አስቸገሯት፤ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1999 በሰኔ የፈረንሳይን ዋንጫ መልሳ ካነሳች በኋላ፣ በነሐሴ ወር ጨዋታው እንደ ድሮው ደስታ እንደማይሰጣት ተናግራ አቆመች። 30 ዓመቷ ነበር።

ይህን ስል ስቴፊ ተጎዳች፣ ሕይወቷ ተበላሸ ማለቴ አይደለም። ገና ሳታቆም በ1998 በጦርነትና በስደት የተጎዱ ልጆችን የሚረዳ ድርጅት መሥርታ ነበር። ካቆመች በኋላ አሜሪካዊውን የቴኒስ ተጫዋች አንድሬ አጋሲን አገባች፤ ሁለት ልጆች ወለደች። ልብ በሉ፤ ሁለት የዓለም ቁጥር አንድ የነበሩ ወላጆች ቤት ያደገው ልጃቸው የመረጠው ቴኒስን ሳይሆን ቤዝቦልን ነው። አጋሲ ራሱ አባቱ በግድ ያስጀመረውን ቴኒስ ይጠላው እንደነበር በመጽሐፉ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁትን ነገር በልጃቸው ላይ አልጫኑም።

እኔን ያቆመኝ ግን አንድ ቁጥር ነው፤ 30 ዓመት። በዓለም ላይ በሙያዋ ተወዳዳሪ ያልነበራት ሴት፣ ጉዳቱና ድካሙ ሲበረታ በ30 ዓመቷ ጨርሳለች። በእኛ አገር በ30 ዓመቱ ገና ቤት ያልሠራ፣ ትዳር ያልያዘ ስንት ልጅ አለ! ሩጫም ሆነ ኳስ፣ ቢሳካ እንኳ የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር ዕድሜ ከሰጠ አርባና ሃምሳ ዓመት ይቀራል። ያንን ዕድሜ ልጃችን በምን ይኖረዋል?

የሻምፒዮናውም መጨረሻ ይመጣል

አበበም ቢሆን ሁልጊዜ አላሸነፈም። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን አምስተኛ ሆኖ ገብቷል። ቶኪዮ ሊሄድ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ትርፍ አንጀቱን ታመመና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ብዙ ሰው ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ነው የቀደመው። ሌሎቹ እስኪመጡ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ጃፓኖች የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላዘጋጁ የራሳቸውን አሰሙለት።

ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ግን እግሩ እምቢ አለ። በጉዳት ላይ ሆኖ ጀመረ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠና አቋርጦ ወጣ። ወርቁን ባልደረባው ማሞ ወልዴ ወሰደው፤ ባንዲራው አልወደቀም። አበበ ያኔ 36 ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ወላጅ የሆነ ሁሉ ሊያየው የሚገባ ነገር አለ። አበበ ሜዳሊያ ሳያገኝ ቢመለስም ሥራ አጥ ሆኖ አልተመለሰም። ወታደር ነው፤ ማዕረግ አለው፣ ደሞዝ አለው፣ የሚያዝዘውም የሚታዘዘውም አለው። ከሮም በኋላ አሥር አለቃ፣ ከቶኪዮ በኋላ መቶ አለቃ እየተባለ በመጨረሻ ሻምበል ሆኗል። ሩጫው በሥራው ላይ የተጨመረ ክብር ነበር እንጂ ሥራውን የተካ አልነበረም። ቤቱ ደግሞ ሚስቱ የውብዳርና ልጆቹ ነበሩ፤ አራት ልጆች ወልደዋል።

ይህን ለልጅ ልጄ ስነግራት «አበበ በ24 ዓመቱ ነው የጀመረው፤ አንቺ ምን አስቸኮለሽ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አባባ፣ እሱ እኮ ወታደር ነበር። ባይሮጥም እንጀራ ነበረው» አለችኝ። እኔ በሦስት ቀን ንባብ የደረስኩበትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ከሸኖ በኋላ

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት ላይ ነው። አበበ ቮልስዋገኑን እየነዳ በሸኖ አካባቢ ሳለ መኪናዋ ተገለበጠች። ሸኖን እናውቃታለን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ብርዷንም እናውቀዋለን። እዚያው መኪናው ውስጥ እንደተያዘ አደረና በማግስቱ ተገኘ። ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ አንገቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። በኋላ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በዓለም የታወቁት እነዚያ እግሮች!

ለሕክምና የተወሰደው ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው። እዚያ ስምንት ወር ያህል ቆየ። ይህ ሆስፒታል ዝም ብሎ ሆስፒታል አይደለም። ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች የሚታከሙበትን ክፍል የመሠረተው ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ሐኪም ነው። ጉትማን ጀርመን አገር የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ የናዚዎችን ግፍ ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ ገባ። ከእርሱ በፊት እንዲህ የተጎዳ ሰው ተኝቶ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ብዙ ተስፋ አልነበረውም። ጉትማን ግን ሕመምተኞቹን ከአልጋ አስነሳቸውና ስፖርት አዘዘላቸው፤ እንደ መድኃኒት። በ1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ 16 የቀድሞ ወታደሮችን በቀስት ውርወራ አወዳደረ። የዛሬው ፓራሊምፒክ የበቀለው ከዚያች ግቢ ነው።

አበበም ከሆስፒታሉ ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው እንግሊዝ በተካሄደው የተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታ ላይ ተሰለፈ። በምን? በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ! በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ተጠርቶ ሄደ። እንግዳ ሆኖ መቀመጥ ግን አልሆነለትም። በቀስትም በጠረጴዛ ቴኒስም ተወዳደረ፤ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ውድድር ደግሞ አሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎችን አሸነፈ። በረዶ በማያውቅ አገር የተወለደ፣ እግሮቹ የማይንቀሳቀሱ ሰው ነው ይህን ያደረገው።

እኔ ከሮም ይልቅ ይህኛው አበበ ይበልጥብኛል። ሮም ላይ እግሩ ነበር የሮጠው። ኖርዌይ ላይ የሮጠው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ውስጡ የነበረው ሰውነት ነው። ሜዳሊያ ባይኖርም ሰው ሆኖ መቀጠል እንደሚቻል ያውቅ ነበር። የኦሊምፒኩም ድል አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆነ፣ አንዱን በደስታ እንደተቀበለ ሌላውንም እንደሚቀበል ይናገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተካሄደው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር፤ ከሮም ድል ልክ በ12ኛ ዓመቱ። አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ወርቁን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ አበበን ጨበጠው። ማሞ ወልዴም ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አገኘ። ከዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት አረፈ። ቀብሩ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኘ።

እኛስ ምን ወሰንን?

ልጄና ምራቴ ዳግመኛ ሲመጡ ይህን ሁሉ አወራኋቸው። ከዚያም ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ልጅቷ ትሩጥ፤ ማንም አይከልክላት። ነገር ግን 12ኛ ክፍልን እዚሁ ትጨርስ። ጠዋት ትሩጥ፣ ቀን ትማር፣ ውድድር ሲኖር ትሂድ። ፈጣን እግር ካላት በሁለት ዓመት ውስጥ የትም አይጠፋም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! ዘግይቶ የጀመረ ብቻ ሳይሆን አቋርጦ የተመለሰም አሸንፏል። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎናና በሲድኒ ወርቅ ያገኘች ጀግና ናት። ከወለደች በኋላ፣ በ37 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውዮርክን ማራቶን አሸንፋለች። ሩጫ ካቆመች በኋላም የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆና ሠርታለች።

ልጄ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። በማግስቱ ግን ለዚያ ሰው ደወለና «ትመጣለች፤ የምትመጣው ግን የ12ኛ ክፍል ወረቀቷን ይዛ ነው። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ደነባ ብቅ ብለው ቤተሰቡን ይተዋወቁ» አለው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ምናልባት ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ምራቴ ግን መተኛት ጀምራለች።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊነሳ ይችላልና፣ ከሁለቱ ሻምፒዮናዎች ታሪክ ያወጣኋቸውን ጥያቄዎች ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው፣ ሕልሙ የማን ነው? የልጁ ነው ወይስ የአባቱ? ልጅ ማንም ሳይቀሰቅሰው በሌሊት ተነሥቶ ከሮጠ የራሱ ነው። በዱላ የሚነሳ ከሆነ የእኛ ነው።

ሁለተኛው፣ ሩጫው ነገ ቢቀር ልጁ በምን እንጀራ ይበላል? የጉልበት ጉዳት ቀጠሮ አይሰጥም። ትምህርት፣ ሙያ ወይም ቋሚ ሥራ ከሩጫው ጎን ለጎን መሄድ አለበት። «በኋላ ይደርሳል» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ አይደርስም።

ሦስተኛው፣ ገንዘቡን ማን ይይዛል? ስቴፊን የሚያህል ሰው እንኳ በአባቷ እጅ በነበረ ገንዘብ ምክንያት አዝናለች። ሽልማት ቢመጣ በልጁ ስም የባንክ ደብተር ይከፈት፤ አባትም እናትም ይወቁት። አንብበን ያልተረዳነው ወረቀት ላይ አንፈርም። የሚያነብልን ሰው ከሌለ መምህር ወይም የሕግ ባለሙያ እንጠይቅ።

አራተኛው፣ ልጁ የሚያድረው የት ነው? ከማን ጋር? በተለይ ለሴት ልጅ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ቤቱን በዓይናችን ሳናይ፣ አብረዋት የሚያድሩትን ሳናውቅ፣ በስልክ ድምፅ ብቻ ልጅ አይላክም። ዕድሜዋን በወረቀት የሚቀንስ ወይም የሚጨምር ሰው ከመጣ ደግሞ በሩን ማሳየት ነው።

አምስተኛው፣ ትበላለች ወይ? ብዙ የምትሮጥ ልጃገረድ የወር አበባዋ ከቀረ «ጎበዝ ስለሆነች ነው» ተብሎ አይታለፍም። ሰውነቷ ከምታወጣው ጉልበት ያነሰ ምግብ እያገኘ ይሆናል፤ ሲቆይ አጥንትም ያሳሳል። እናቶች ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ጤና ጣቢያም ይውሰዷት።

አያቶች ደግሞ አንድ ሥራ አለን፤ ተረቱ በእጃችን ነው። ልጆቹ ማታ ዙሪያችንን ሲከቡ የአበበን ታሪክ ሮም ላይ አናቁመው። ሜክሲኮ ላይ አቋርጦ መውጣቱንም፣ ሸኖንም፣ ስቶክ ማንደቪልንም እንንገራቸው። በተለይ በተሽከርካሪ ወንበሩ ተቀምጦ የጠረጴዛ ቴኒስ ሲጫወት እንዲያስቡት እናድርግ። ነገ በፈተና የወደቀ፣ ከቡድን የተቀነሰ፣ እግሩ የተሰበረ ልጅ ሲመጣብን ከሮም የበለጠ የሚያስፈልገው ያኛው ታሪክ ነው።